ሳይነጠፍ የቀረ አልጋ

ስንዱ መሞቷን የነገረኝ ወንድም ታምራት ነው፤ የጸሎት ቤታቸው አስተባባሪ። እኔ የእነሱ ምእመን አይደለሁም፣ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እሱም ያውቃል። ቢሆንም ማክሰኞ ጠዋት ደውሎ መርዶውን ከነገረኝ በኋላ፣ «እትዬ፣ ለረጅም ዘመን አብረው ሠርተዋል። የሕይወት ታሪኳን ከእርስዎ በላይ የሚጽፍ የለም» አለኝ።

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ቅዳሜ ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ፕሮይንገስሃይም ሰፈር በተከራዩት አዳራሽ ሲነበብ ከሁለቱ ገጽ የተረፈው የትውልድ ቦታዋና የሥራ ዘመኗ ብቻ ነበር። የቀረውን «ትሑት፣ ለስላሳና ሰው አክባሪ እህታችን» በሚል ሞልተውታል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ታምራትን በር ላይ ያዝኩት።

«የጻፍኩት የት ሄደ?»

«እትዬ፣ ቀብር እኮ ነው። ‹በሐሰት ጻፈችብኝ› ብለው ጽፈዋል።»

«ጽፋብኛለቻ።»

«አይ፣ እሱማ… ለቤተሰብ አይመችም ብለን ነው።»

ስንዱ ቤተሰብ አልነበራትም። ስለዚህ እነሱ የቆረጡትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ትሑት አልነበረችም። ለስላሳም አልነበረችም። እኔ ደግሞ ያላወቅኳትን ሴት ሲያለቅሱላት ቆሜ የምሰማበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም።

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል እናጸዳ ነበር። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እሷ ከእኔ ሰባት ዓመት ዘግይታ መጣች። አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ መነጽሯን በጫማ ክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። አዲስ አበባ እያለች የፈረንጆች ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ስለነበረች እንግሊዝኛዋ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ነው። ሌሎቻችን አንድ ክፍል ጨርሰን ወደሚቀጥለው ስንሮጥ እሷ ወንበሩ ላይ ቁጭ ትላለች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ምንም ሳትሠራ፣ ክፍሉን ታያለች። መጀመሪያ ሰነፍ መስላኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«እንግዳው ሲገባ ቆሞ አይቀርም፣ ይቀመጣል» አለችኝ። «እሱ ተቀምጦ የሚያየውን አንቺ ቆመሽ አታይውም።»

ከተቀመጠች በኋላ ጫማዋ አልጋውን እንዳይነካ እግሯን ወደ ውጭ አውጥታ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ጣሪያውን ለማየት። ከዚያ ተነስታ የአልጋውን ራስጌ በእጇ ጀርባ ትዳስሳለች። በጣት አይደለም፣ በእጅ ጀርባ። «ጣት ይለምዳል» ትል ነበር። አራት ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል፤ ግን ከእሷ ክፍል ቅሬታ መጥቶ አያውቅም።

ለዚህ ሃውስዳሜ አደረጓት። ሃውስዳሜ ማለት በየፎቁ እየዞረች እኛ ያጸዳነውን የምትፈትሽ፣ ስማችንን ዝርዝር ላይ የምትጽፍ አለቃ ናት። ቦታው በዕድሜም በአገልግሎትም የእኔ ነበር። ይህንን ለስንዱ ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። «ልክ ነሽ» አለችኝ፤ ቦታውንም ወሰደችው።

አሁን ወደ 412 ልምጣ። ቁጥሩን እስክሞት አልረሳውም።

ለተብርሃን የምትባል ኤርትራዊት ልጅ አዲስ ተቀጥራ ሥራ እንዳስለምዳት ከእኔ ጋር ተመድባ ነበር። ያን ቀን የልጄ የሜላት ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠርቷል። ለስንዱ ነግሬ፣ ክፍሎቼን ጨርሼ፣ የመጨረሻውን የ412ን መታጠቢያ ለለተብርሃን ትቼ ሄድኩ። በማግስቱ እንግዳው ቅሬታ አቀረበ፤ የመታጠቢያው ማፍሰሻ ውስጥ የሰው ፀጉር። ስንዱ ወረቀቷን አወጣችና የእኔን ስም ጻፈች።

«መታጠቢያውን ያጠበችው ልጅቷ ናት፤ አንቺም ታውቂያለሽ» አልኳት።

«ዝርዝሩ ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው።»

አብማኑንግ ደረሰኝ። በጽሑፍ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በፋይል ውስጥ ይቀመጣል። በዚያ ሁሉ ዓመት የመጀመሪያዬና የመጨረሻዬ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አንድ ሕንፃ ውስጥ እየሠራን ከ«እሺ» በቀር አላነጋገርኳትም። ወገቧን ታማ ጡረታ ስትወጣ ለመሸኛ ኬክ ቆርሰው ነበር። እኔ አምስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ሳጸዳ ቆየሁ። ከዚያም ሁለት ዓመት ሳልጎበኛት ኖርኩ።

ወደ በሯ የመለሰኝ የሜላት ምርቃት ነው። በፈረንጆች 2009 ነው። ልጄ እንግሊዝ አገር ተማረች። የከተማዋን ስም አልጽፍም፣ አሁንም እዚያ ትኖራለች፤ ትንሽ ከተማ ናት፤ መሐሏ ላይ ከተማዋን የሚያሳንስ ካቴድራል ቆሟል። ተማሪዎቹን የሚያስመርቁት እዚያ ውስጥ ነው። ለአንድ ተማሪ ሁለት የመግቢያ ወረቀት ብቻ ይሰጣል፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የአባቷ።

አባቷ ዚንድሊንገን ሰፈር ያለ ፋብሪካ ውስጥ ኬሚስት ነበር። ሜላት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ሌላ ሴት ዘንድ ሄደ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። ለምርቃቱ ግን ለእሱና ለባለቤቱ አንድ ቤት ተከራይቶ ኖሮ፣ በሜላት በኩል መልእክት ላከብኝ፤ ከኩሽናው አጠገብ ተዘርግታ የምትታጠፍ አልጋ ያለባት ክፍል አለች፣ እዚያ ትረፍ አለ።

«አልፈልግም» አልኳት ልጄን። «የራሴን ቤት እፈልጋለሁ።»

ሜላት ሲጨንቃት ጀርመንኛ ትናገራለች። በምርቃት ሳምንት ባዶ ክፍል እንደማይገኝ፣ እስከ ዓርብ ካላገኘሁ የአባቷን ቤት እንድቀበል፣ አለዚያ መግቢያ ወረቀቱን እንደምትመልስ ነገረችኝ። «ማማ፣ አንድ አልጋ እኮ ነው» አለች በመጨረሻ።

አንድ አልጋ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስንት ሺህ አልጋ እንዳነጠፍኩ አላውቅም። ሌላ ሰው አንጥፎልኝ፣ እኔ መርጬው፣ በእንግድነት የተኛሁበት አንድም አልነበረም። ይህንን ለልጄ አልነገርኳትም። እኔ ነገር በሆዴ የምይዝ ሰው ነኝ። ለራሴ ግን ወሰንኩ፤ ወይ በመረጥኩት አልጋ እተኛለሁ፣ ወይ አልሄድም።

እኔ በምኖርበት በሽቫንሃይም ሰፈር ያለችው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከኮምፒውተር ሰባት ቤት አተመችልኝ። እንግሊዞች መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ክፍል እያከራዩ ጠዋት ቁርስ የሚያበሉባቸው ቤቶች ናቸው። በእኔ እንግሊዝኛ አንዱ ጋ ደውዬ ሰውየው የሚለው ሳይገባኝ ስልኩን ዘጋሁ። ረቡዕ ነበር። እንግሊዝኛ የሚችል ሌላ ሰው ፍራንክፈርት ውስጥ ሞልቷል። ክፍል በፎቶ አይቶ ውስጡን የሚናገር ግን አንድ ሰው ብቻ አውቅ ነበር። 12 ቁጥር ትራም ይዤ ከተማ ገባሁ፤ ከዚያ በኡ-ባን፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ስንዱ ቤት ፕሮይንገስሃይም ሄድኩ።

ስንዱ በሩን ከፈተች። መነጽሯን አነሳች።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

«ስድስት ዓመት ፈጀብሽ።»

«ሩቅ ነው፣ ትራም መቀየር አለው» አልኳት።

ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳች፣ ሎሚ ቆረጠች። ለምን እንደመጣሁ ስነግራት አላቋረጠችኝም። ሰባቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እንደ ክፍል ዝርዝር ደረደረችና ጀመረች።

«ይቺ አበባ አብዝታለች። አበባ የሚበዛው የሚሸፈን ሽታ ሲኖር ነው።» ገለበጠችው። «ይሄ አንድ አልጋ ላይ አምስት ትራስ ደርድሯል። ፍራሹን ደብቆ ነው።» ሦስተኛውን አነሳች። «የዚህ መጋረጃ መሬት ይጠርጋል። ማን ያጥበዋል? እሱ? አያጥበውም።»

«ፎቶው ላይ ንጹሕ ነው እኮ» አልኳት።

«ፎቶ የሚያነሱት የታጠበ ቀን ነው። አንቺ የምትተኚው ባልታጠበ ቀን ነው።»

እኔ ልቤ ያረፈበት ቤት ነበረኝ፤ በሩ ላይ ጽጌረዳ የወጣበት፣ መስኮቱ ካቴድራሉን የሚያሳይ። እሱን ሳሳያት ፊቷ አልተፈታም። «እሺ፣ ትሞከር» ብላ ደወለች። እንድሰማውም የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

ባለቤቷ ድምፅዋ ማር ነው። አዎን፣ ለሦስቱም ሌሊት ክፍል አለ። አዎን፣ ካቴድራሉን የሚያየው። ስንዱ ስሜን ፊደል በፊደል ነገረቻት። እንግዳዋ ከየት ናቸው? ብቻቸውን ነው የሚመጡት? እስቲ አንዴ መዝገቡን ልይ። ወዲያው ተመልሳ፣ በጣም ይቅርታ፣ አሁን ገና ተይዟል አለች።

ስንዱ ስልኩን አስቀመጠች። ሻይዋን እስከ መጨረሻው ጠጣች። ብርጭቆውን አጠበች፣ አደረቀች። ከዚያ ድምፅዋን አወፍራ፣ ጀርመን እንግሊዝኛ ሲናገር እንደሚሆነው አድርጋ፣ እዚያው መልሳ ደወለች። ከፍራንክፈርት ሆቴል ነው የምደውለው አለች፤ ፍራው ሽናይደር ለሚባሉ እንግዳችን ለእነዚህ ሦስት ሌሊቶች ክፍል እንፈልጋለን። ክፍሉ አለ። ካቴድራሉን የሚያየው።

«ለመሆኑ ክፍሎቹን ማን ነው የሚያጸዳው?» ብላ ጠየቀች ስንዱ።

አንዲት ልጅ ትመጣልናለች አለች ሴትዮዋ፤ አፍሪካዊት ናት፣ በጣም ጎበዝ።

«ልጅቷን ሰላም በይልኝ» አለች ስንዱ። «እንግዳችን አይመጡም።» ዘጋችውና ወረቀቱን ለሁለት ቀዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ወደ እኔ ዞራ፣ «አፍሽን ዝጊ፣ ስድስት ይቀራል» አለችኝ።

ሁለቱ ሙሉ ናቸው። አንዱ ስልክ አያነሳም። ሌላኛው ከአንድ ሰው በላይ ካልሆነ አይቀበልም። ቀድሞ እኔ ዘግቼበት የነበረው ሰው አስታወሰኝና ሳቀ፤ እሱም ሙሉ ነው። የቀረው ፎቶው የደበዘዘ ቤት ነው፤ አረንጓዴ በርና የተደገፈ ቢስክሌት እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም። ስንዱ ደወለች። ያነሳው ሽማግሌ ነው።

«ክፍል አለዎት?» አዎን፣ አንድ ቀርቷል፣ ሦስተኛ ፎቅ።

«ማን ነው የሚያጸዳው?»

«እኔው ነኝ። ደረጃው ላይ ግን ጎበዝ አይደለሁም፤ ጉልበቴ አይታጠፍም።»

ስንዱ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«ፍራሹን መቼ ገለበጡት?»

ሰውየው ሳቀ። በጸደይ፣ ከወንድሜ ጋር፣ ወንድሜ ተሳድቦ ነበር አላት።

ከዚያ የሐዋርያት ጾም ላይ እንደሆንኩ አስረዳችው። እሷ ራሷ አትጾምም፤ ግን እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ሥጋ እያለች አንድ በአንድ ቆጠረችለት። ሰውየው እየጻፈ ደገመላት። ስሜን ስትነግረው እንዴት እንደሚጠራ ጠየቀ። ሁለት ጊዜ ሞከረው፤ ሁለተኛው ደህና ነበር።

«ይሄ ነው» አለችኝ የስልኩን አፍ በእጇ ሸፍና።

«ፎቶ እንኳ የለውም። ደግሞ ከካቴድራሉ ዳገት ነው።»

«እግር የለሽም? የቆሸሸውን ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው የነጻውን አይዋሽሽም። ልያዘው ልተወው?»

«ያዢው።»

ስወጣ እስከ ደረጃው ሸኘችኝ። «ስትገቢ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለችኝ። «ደግሞ ጠዋት አልጋውን እንዳታነጥፊ።»

«ለምን አነጥፋለሁ? እንግዳ ነኝ።»

«ታነጥፊያለሽ፤ አውቅሻለሁ። ያነጠፈ ሰው ሥራ ላይ ነው።»

ከሃን አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቼ፣ ከለንደን ባቡር ይዤ ደረስኩ። አረንጓዴው በር ነበረ፤ ቢስክሌቱም። ሽማግሌው ሻንጣዬን እያነከሰ አወጣልኝ። ደረጃው እንዳለው አቧራ አለበት። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ግን ወንበር ነበረው። ቁጭ አልኩ። ከአልጋው ሥር አየሁ። የራስጌውን እንጨት በእጄ ጀርባ ዳሰስኩ። ንጹሕ ነበር። ያን ሌሊት እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ እጄ እኔን አልጠየቀኝም። ቁርስ ልበላ ከመውረዴ በፊት አልጋውን አንጥፌ፣ የአንሶላውን ጥግ እንደ ፖስታ አጥፌ፣ የመታጠቢያውን ቧንቧ አድርቄ፣ ፎጣውን ለሦስት አጥፌ ነበር። ቲማቲም፣ እንጉዳይና ዳቦ በላሁና ከሜላት ጋር ከተማውን ለማየት ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ስንመለስ ሽማግሌው በሩ ላይ ይጠብቀናል። ላብ በላብ ሆኗል፤ ጉልበቱን ይዟል። ለሜላት ብዙ ተናገረ። ሜላት ዞራ አየችኝ።

«ማማ፣ የት ነው ያደርሽው?»

«ክፍሌ ነዋ።»

«አልጋው ላይ ሰው አልተኛበትም ይላል። ፍራሹ ጎድቷት ወንበር ላይ አድራለች፣ ደግሞ በጨዋነት ደብቃኛለች ብሎ… ማማ፣ የራሱን ፍራሽ ሦስት ፎቅ አውጥቶ ቀይሮልሻል። ወንድሙን ጠርቶ።»

ወንድሙ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያለከልካል። ሰላምታ ሰጠኝ።

«ንገሪው» አልኳት፣ «ተኝቼበታለሁ። እኔ ነኝ ያነጠፍኩት። ሥራዬ ነው።»

ሜላት ነገረችው። ሰውየው መጀመሪያ አላመነም። በኋላ ሳቀ፤ ወንድሙ ግን አልሳቀም። ሜላት አልሳቀችም። እናቷ ምን እንደምትሠራ ታውቃለች፤ ሠርታ የወጣችውን ክፍል ግን አይታ አታውቅም። ክፍሌ ገብታ በሦስት የታጠፈውን ፎጣ አነሳች፤ አገላብጣ አየችው፤ በዚያው እጥፋት መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ «አንድ አልጋ እኮ ነው» ብላኝ አታውቅም።

በማግስቱ የምርቃቱ ቀን ነው። ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አደረግሁ። አልጋው እንደተነሳሁበት ነው፤ ብርድ ልብሱ ተገፍቶ፣ ትራሱ ወድቆ። ወጣሁ። ሦስት ደረጃ ወርጄ ቆምኩ። እጄ በላኝ። የደረጃውን መደገፊያ ጨብጬ ቆየሁና፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ወረድኩ።

ካቴድራሉ ውስጥ አባቷ ከአጠገቤ ተቀመጠ። «ክፍልሽ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደረጃው አቧራ አለው» አልኩት። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። የሜላት ስም ሲጠራ ሁለታችንም ተነሳን። እኔ ቀድሜ ተነሳሁ።

በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ፕሮይንገስሃይም ሄድኩ። ስንዱ ሰላም ሳትለኝ፣ «አነጠፍሽው?» አለች።

«አንድ ቀን።»

«ሌላውን?»

«ተውኩት።»

ራሷን ነቀነቀችና ሻይ ቀዳች። ፍራሹን ስነግራት ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ መስኮቱን እያየች ተናገረች።

«412ን ያጠበችው ለተብርሃን እንደሆነች አውቅ ነበር። የሙከራ ጊዜዋ አላለቀም። አንድ ቅሬታ ቢጻፍባት ያባርሯት ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ደግሞ በሥራው ላይ ነው የተንጠለጠለው። አንቺ ቋሚ ነበርሽ። ምንም አያደርጉሽም።»

«ማንንም አልጽፍም ብትዪ ኖሮ?»

«አንድ ስም የግድ ይፈልጉ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ በኮሪደሩ ላይ ትጮሂ ነበር። ልጅቷ ትሰማ ነበር። እነሱም።»

ልክ ናት፤ እጮህ ነበር። ግን ያ ስም የእኔ ነበር፤ ሳትጠይቀኝ ነው ያወጣችው። ይህንኑ ነገርኳት። «ልክ ነሽ» አለችኝ፤ ቦታዬን የወሰደች ቀን እንዳለችው። ይቅርታ አልጠየቀችኝም። እኔም ይቅር አላልኳትም። ከዚያ በኋላ ግን እሷ እስክትሞት በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ እሄድ ነበር፤ ትራሙን እየቀየርኩ።

ታምራት የቆረጠው ይህንን ነው። ለተብርሃን ቅዳሜ ዕለት ከሦስት ልጆቿ ጋር የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበረች። ከአዳራሹ ሁሉ እሷ አብዝታ አለቀሰች፤ በ412 የሆነውን ግን አታውቅም። ይኸው ትወቀው።

ከቀብር ስንመለስ ለቅሶ ደራሹ ስንዱ ቤት ሊቀመጥ ሆነ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበርና ከሁለት የጸሎት ቤቱ ሴቶች ጋር ቀድሜ ገባሁ። አምቡላንስ የወሰዳት ጠዋት ነው፤ ገና ሳትነሳ። የመኝታ ቤቷ በር ክፍት ነው። ብርድ ልብሱ ወደ ግድግዳው ተገፍቷል፣ ትራሱ መሬት ላይ ነው፣ አንሶላው መሐሉ ላይ ተጨማዷል። አንደኛዋ ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና አንሶላውን ልትስብ እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አልኳት።

«ሰው ሊመጣ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ይምጣ።»

«ኧረ ነውር ነው፣ ቶሎ ነው የማነጥፈው።»

«አታነጥፊም» አልኳት።

በሩን ዘጋሁት። ከሳሎን አንድ ወንበር አምጥቼ በሩ ፊት አስቀመጥኩና ቁጭ አልኩበት። ለቅሶ ደራሹ ሲገባም፣ ታምራት ሲጸልይም፣ ሰዉ ሁሉ ተሰናብቶ ሲወጣም ከዚያ አልተነሳሁም።